የኦሃዮ 9ኛው የምርጫ ክልል፦ መስመሩን የሚያሰምረው ማን ነው?

በኖቬምበር 2024 ማርሲ ካፕተር የሚባሉ የ78 ዓመት ሴት ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ለ22ኛ ጊዜ ተመረጡ። ክልላቸው በሰሜን ምዕራብ ኦሃዮ፣ በኢሪ ሐይቅ ዳርቻ ያለው 9ኛው የምርጫ ክልል ነው። ከ370 ሺህ በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቶ፣ ከተፎካካሪያቸው ከዴሪክ ሜሪን ጋር የነበራቸው ልዩነት 2,400 ድምፅ ገደማ ብቻ ነበር። ካፕተር ዴሞክራት ናቸው። በዚያው ቀን፣ በዚያው ክልል፣ ለፕሬዚዳንትነት ያሸነፉት ግን ሪፐብሊካኑ ዶናልድ ትራምፕ ናቸው።

ይህ በዛሬዋ አሜሪካ ብዙ አይታይም። አብዛኛው መራጭ ከላይ እስከ ታች ለአንድ ፓርቲ ነው ድምፁን የሚሰጠው። ታዲያ እዚህ ምን ተገኘ? መልሱ በሰውየዋ ማንነት ብቻ አያልቅም። ስለ መሬቱ፣ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ፋብሪካዎቹ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክልሉን ስለሚከበው መስመር ማወቅ ያስፈልጋል። ያ መስመር ባለፉት 15 ዓመታት ብቻ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት 435 መቀመጫ አለው። እያንዳንዱ መቀመጫ የአንድ የምርጫ ክልል ነው፣ ምርጫውም በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳል። እንደ እኛ አገር ሁሉ በአንድ ክልል ከፍተኛ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው መቀመጫውን ይወስዳል። ሁለተኛ የወጣው ምንም አያገኝም፤ በ2,400 ድምፅም ይሸነፍ በ100 ሺህ ያው ነው።

በየአሥር ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ ይደረጋል። ከቆጠራው በኋላ 435ቱ መቀመጫዎች ለግዛቶቹ እንደ ሕዝባቸው ብዛት እንደገና ይደለደላሉ። ሕዝቧ ቶሎ ያደገ ግዛት ትጨምራለች፣ ያዘገመች ትቀንሳለች። ኦሃዮ ካዘገሙት ናት። በ1960ዎቹ 24 መቀመጫ ነበራት። ከ2010ሩ ቆጠራ በኋላ ከ18 ወደ 16 ወረደች፣ ከ2020ው በኋላ ደግሞ ወደ 15። የአንድ ግዛት ክልሎች በሕዝብ ብዛት እኩል መሆን ስላለባቸው፣ ዛሬ በኦሃዮ አንድ ክልል 786 ሺህ ሰው ገደማ ይይዛል። መቀመጫ ሲቀንስ ካርታው በሙሉ እንደ አዲስ ይሳላል። እስክሪብቶውን የያዘው ማን ነው የሚለው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ረግረጉና ወንዙ

የ9ኛው ክልል እምብርት የቶሊዶ ከተማ ናት። የሞሚ ወንዝ ከኢንዲያና ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይፈስና ቶሊዶን ሰንጥቆ ኢሪ ሐይቅ ይገባል። ወደ ታላላቆቹ ሐይቆች ከሚገቡት ወንዞች ሁሉ ትልቁ ተፋሰስ ያለው ይህ ወንዝ ነው። ኢሪ ደግሞ ከአምስቱ ሐይቆች ጥልቀቱ አነስተኛ ነው። በምዕራብ በኩል፣ ማለትም በቶሊዶ በኩል፣ ጭራሽ ይሳሳል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ይጠቅሙናል።

ከቶሊዶ በስተ ደቡብና በስተ ምዕራብ የተንጣለለው ሜዳ ዛሬ በቆሎና አኩሪ አተር ይበቅልበታል። ከ200 ዓመት በፊት ግን ታላቁ ጥቁር ረግረግ የሚባል ሰፊ ጫካና ውኃ ነበር። በርዝመቱ ወደ 190 ኪሎ ሜትር፣ በወርዱ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። ሠረገላ ይሰምጥበታል፣ ወባው ሰፋሪውን ይጨርሰዋል። ነጮቹ ሰፋሪዎች በሌላው የኦሃዮ ክፍል ከተማ ሲቆረቁሩ ይህን ጥግ እየዞሩት ያልፉ ነበር።

መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም። የኦታዋ፣ የዋያንዶት፣ የማያሚ፣ የሾኒና የሌሎች ነባር ሕዝቦች አገር ነበር። በ1794 ከዛሬዋ ቶሊዶ አጠገብ፣ ፎለን ቲምበርስ በሚባል ቦታ፣ የነባር ሕዝቦቹ ኅብረት በጄኔራል አንቶኒ ዌይን ጦር ተሸነፈ። በማግሥቱ ዓመት በተፈረመው የግሪንቪል ውል አብዛኛውን የኦሃዮ መሬት አጡ። በዚህ አካባቢ የተሰመረ የመጀመሪያው ትልቅ መስመር ይኸው ነው፤ የተሰመረውም በጦር ኃይል ነው።

ከ1850ዎቹ ጀምሮ ገበሬዎቹ ረግረጉን ማንጠፍጠፍ ያዙ። ቦይ ቆፈሩ፣ ከመሬት በታች የሸክላ ቱቦ ቀበሩ። ምዕተ ዓመቱ ሳያልቅ ረግረጉ ደርቆ በኦሃዮ ካለው መሬት ሁሉ ለም የሚባለው እርሻ ሆነ። ውኃው ግን የትም አልጠፋም። በቦዩ ወደ ሞሚ፣ በሞሚ ወደ ሐይቁ መሄዱን ቀጠለ።

ሁለት ግዛቶች ለቶሊዶ ሲሻኮቱ

በ1835 ኦሃዮና ሚሺጋን በቶሊዶ ምክንያት ሚሊሻ አስታጥቀው ተፋጥጠው ነበር። ብዙ አሜሪካዊ ይህን ታሪክ አያውቀውም።

ነገሩ የመጣው ከካርታ ስህተት ነው። በ1787 የወጣው ሕግ ድንበሩን በሚሺጋን ሐይቅ ደቡባዊ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ቀጥ ያለ መስመር አደረገው። በጊዜው የነበረው ካርታ የሐይቁን ጫፍ ከትክክለኛው ቦታ ወደ ሰሜን አርቆ ያሳይ ነበር። በዚያ ካርታ ከሄድን የሞሚ አፍ የኦሃዮ ነው። መሬት ላይ ወርደን ከለካን ግን የሚሺጋን ነው። ሁለት ቀያሾች ሁለት መስመር አሰመሩ። በመካከላቸው ወደ 1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ቀጭን ቁራሽ ቀረ። ቶሊዶ ያለችው እዚያ ቁራሽ ላይ ነው።

ቁራሿ የተፈለገችው በወደቡ ምክንያት ነው። በዚያ ዘመን ዕቃ የሚጓዘው በውኃ ነው። ከሐይቁ ወደ መሐል አገር ቦይ ሊቆፈር ታስቦ ነበር፣ ቦዩም የሚገናኘው ሞሚ ላይ ነው። በ1845 ያ ቦይ ተጠናቆ ቶሊዶን ከሲንሲናቲ ጋር አገናኛት።

የኦሃዮው ገዥ ሮበርት ሉካስ እና ገና 23 ዓመቱ የነበረው የሚሺጋኑ ወጣት ገዥ ስቲቨንስ ሜሰን ተፋጠጡ። የሚሺጋን ሰዎች የኦሃዮን ቀያሾች ተኩሰው አባረሩ። አንድ የሚሺጋን ምክትል ሸሪፍ በሰንጢ ተወግቶ ቆሰለ፣ ግን ዳነ። የተገደለ ሰው የለም። ኦሃዮ ሥልጣኗን ለማስመዝገብ ስትል ዳኞቿን በሴፕቴምበር 1835 ሌሊት ወደ ቶሊዶ ላከች። ችሎቱ በጨለማ ተሰየመ፣ መዝገቡንም ጸሐፊው ባርኔጣው ውስጥ ሸሽጎ ይዞት ወጣ።

በልኬቱ ከሄድን እውነቱ ወደ ሚሺጋን ያደላ ነበር። የፈረደው ግን ልኬት አይደለም። ኦሃዮ ሙሉ ግዛት ነበረች፣ በኮንግረሱም በፕሬዚዳንት ምርጫም ድምፅ አላት። ሚሺጋን ገና ግዛት ለመሆን ደጅ የምትጠና ነበረች። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ሜሰንን ከሥልጣን አነሱት። ኮንግረሱም ሚሺጋን ግዛት መሆን ከፈለገች ቶሊዶን እንድትተው፣ በምትኩ በሰሜን ያለውን ላዕላይ ባሕረ ገብ መሬት እንድትወስድ ወሰነ። ሚሺጋን እያጉረመረመች ተቀበለች፣ በጃንዋሪ 1837ም ግዛት ሆነች። በጊዜው በረሃ ነው ተብሎ የተናቀው ያ ሰሜናዊ መሬት ኋላ ላይ መዳብና ብረት ወጣለት። በሐይቁ ውስጥ የሚያልፈው ድንበር ደግሞ በጠቅላይ ፍርድ ቤት እልባት ያገኘው በ1973 ነው።

ቶሊዶ ያለችበት ካውንቲ (በግዛቱ ሥር ያለ የአስተዳደር ወረዳ) ሉካስ ይባላል፤ በዚያ ገዥ ስም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ፣ በዚህ የኦሃዮ ጥግ ድንበር የሚወሰነው በጊዜው ብዙ ድምፅ በያዘው ወገን ነው።

መስታወት፣ ጂፕና አድማ

ቶሊዶን ያሳደጋት ኢንዱስትሪ ነው። በ1888 ኤድዋርድ ሊቢ የመስታወት ፋብሪካውን ከማሳቹሴትስ ነቅሎ ወደዚህ አመጣ። አብሮት ይሠራ የነበረው ማይክል ኦወንስ ጠርሙስ በራሱ የሚሠራ ማሽን ፈለሰፈ። ቀድሞ ጠርሙስ በሰው ትንፋሽ እየተነፋ ነበር የሚሠራው፣ በየምድጃው ዙሪያም ሕፃናት ይሠሩ ነበር። ማሽኑ ሲመጣ ጠርሙስ ረከሰ፣ የሕፃናቱም ሥራ እየቀረ ሄደ። ከተማዋን እስከ ዛሬ የመስታወት ከተማ ይሏታል።

ከመስታወቱ ቀጥሎ መኪና መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዝነኛው ጂፕ በብዛት የተመረተው በቶሊዶው ዊሊስ ኦቨርላንድ ፋብሪካ ነው። ጂፕ ዛሬም እዚያው ይመረታል። ሥራ ፍለጋ ፖላንዱ፣ ሃንጋሪው፣ ሶሪያና ሊባኖሱ፣ ከደቡብ ግዛቶች የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ሁሉ ከተማዋን ሞላት።

በ1934 ደግሞ ኤሌክትሪክ ኦቶ ላይት በተባለው የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ከባድ የሥራ ማቆም አድማ ተነሣ። ሥራ አጦች ከአድመኞቹ ጎን ቆሙ። ብሔራዊ ዘብ ገባ፣ ተኮሰ፣ ሁለት ሰው ሞተ። አድማው ግን በሠራተኛው አሸናፊነት አለቀ። በአሜሪካ የመኪና ሠራተኞች ማኅበር እንዲጠነክር መንገድ ከከፈቱት ትግሎች አንዱ ነው። ሉካስ ካውንቲ ለምን ዴሞክራት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ከዚህ ይጀምር።

ከዚያ በፊት ግን አካባቢው የሪፐብሊካን ነበር። የቶሊዶው ሪፐብሊካን ጄምስ አሽሊ የባርነት ብርቱ ጠላት ነበሩ። ባርነትን በመላው አገሪቱ የሚሽረውን 13ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በዲሴምበር 1863 ለተወካዮች ምክር ቤት ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። በጃንዋሪ 1865 በ119 ለ56 ሲያልፍም ድምፅ እያሰባሰቡ ያሳለፉት እሳቸው ነበሩ። ስለዚህ ሰው ብዙ አይነገርም፤ ሊነገርላቸው ይገባ ነበር። ክልላቸው በጊዜው 9ኛ አልነበረም፣ ቁጥሩ እየተቀያየረ ነው የመጣው። ሕዝቡ ግን ያው የቶሊዶ ሕዝብ ነው።

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የልጅ ልጃቸው ልጅ ቶማስ ሉድሎ አሽሊ በ9ኛው ክልል ተመረጡ፤ በዚህ ጊዜ ግን በዴሞክራትነት። ከ1955 እስከ 1981 ቆዩ። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ከተማ፣ ሁለት ፓርቲ። የአሜሪካ ፓርቲዎች በመቶ ዓመት ውስጥ ቦታ መለዋወጣቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

በ1980 ሮናልድ ሬገን አገሩን ሲያጥለቀልቁ አሽሊም በሪፐብሊካኑ ኤድ ዌበር ተሸነፉ። ዌበር ግን አልዘለቁም። ኢኮኖሚው ወደቀ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ከሥራ ተባረረ። በ1982 አንዲት የ36 ዓመት የከተማ ፕላን ባለሙያ ተነሥተው ዌበርን አሸነፉ።

ማርሲ ካፕተር

ካፕተር በቶሊዶ ከፖላንድ ዘር ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። ቤተሰባቸው ግሮሰሪ ነበረው። በፕሬዚዳንት ካርተር ጊዜ በኋይት ሐውስ የከተማ ጉዳይ አማካሪ ሆነው ሠርተዋል።

ፖለቲካቸው ከፋብሪካው ሰፈር የወጣ ነው። በ1993 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ከሜክሲኮና ከካናዳ ጋር የነፃ ንግድ ስምምነት ሲያመጡ፣ ከገዛ ፓርቲያቸው ውስጥ አምርረው ከተቃወሙት መካከል ካፕተር ግንባር ቀደም ነበሩ። ሥራው ወደ ሜክሲኮ ይሄዳል አሉ። በመካከለኛው ምዕራብ ብዙ ሰው ኋላ ላይ ዴሞክራቶችን የተቀየመው በዚህ ጉዳይ ነው። ትራምፕም በ2016 የመጡት ይህንኑ ቅሬታ ይዘው ነው። ካፕተር ግን ቀድመው ተናግረውታልና፣ በዚህ ጉዳይ ሊወቅሳቸው የሚችል ሰው አልነበረም። በ2024 ለትራምፕም ለካፕተርም ድምፅ የሰጠው ሰው ሁሉ ግራ የገባው እንዳይመስላችሁ።

ሌላም አለ። በ1987 ከክልላቸው አንድ የቀድሞ ወታደር፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መታሰቢያ በዋሽንግተን ለምን የለም ብለው ጠየቋቸው። ካፕተር ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። ዓመታት ፈጀ። በ1993 ሕግ ሆነ፣ መታሰቢያው በ2004 ተከፈተ። መራጭ እንዲህ ያለውን አይረሳም።

በ2018 በተወካዮች ምክር ቤት ታሪክ ረጅም ጊዜ ያገለገሉ ሴት ሆኑ። በ2023 ደግሞ ሴኔቱም ተጨምሮ፣ በመላው የኮንግረስ ታሪክ።

የሐይቁ እባብ

በ2011 ኦሃዮ ሁለት መቀመጫ አጥታ ካርታው እንደ አዲስ ይሳል ነበር። የግዛቱ ገዥም፣ ሁለቱም የግዛቱ ምክር ቤቶች በሪፐብሊካኖች እጅ ነበሩ። በዚያ ጊዜ ካርታ የሚጸድቀው እንደ ማንኛውም ሕግ ነው፤ አብላጫ ያለው ያሳልፋል። የሪፐብሊካን ባለሙያዎች በኮሎምበስ የሆቴል ክፍል ተከራይተው ካርታውን ሠሩ። ክፍሉን «ምሽጉ» ይሉት እንደነበር ኋላ ላይ በፍርድ ቤት ወጣ።

ከዚያ የወጣው 9ኛ ክልል ጉድ ነበር። ከቶሊዶ ተነሥቶ የሐይቁን ዳር ይዞ እስከ ክሊቭላንድ ይሄዳል። በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል የሚፈጅ መንገድ ነው። በአንዳንድ ቦታ ከመቅጠኑ የተነሣ የሚያያዘው በአንድ ድልድይ ብቻ ነበር። «የሐይቁ እባብ» የሚል ስም ወጣለት።

ለምን እንዲህ ተደረገ? ካርታ ሠሪ ተቃዋሚውን የሚያዳክምበት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ማጨቅ ነው። የተቃዋሚውን ደጋፊዎች በጥቂት ክልሎች ታጭቃቸዋለህ። እዚያ በ70 እና በ80 በመቶ ያሸንፋሉ፣ ግን ትርፉ ድምፅ ይባክናል። ሁለተኛው መበተን ነው። የቀሩትን በብዙ ክልል ትከፋፍላቸዋለህ፣ የትም አብላጫ አይሆኑም። እባቡ የማጨቅ ሥራ ነው። የቶሊዶንና የክሊቭላንድን ዴሞክራቶች በአንድ ከረጢት አሰረ፣ ዙሪያውን ያሉትን ክልሎች ለሪፐብሊካን አስተማማኝ አደረገ። ይህ ሁሉ ጄሪማንደሪንግ ይባላል። ሁለቱም ፓርቲዎች ይሠሩታል፤ ዴሞክራቶች በሜሪላንድ የሠሩት ከዚህ አያንስም።

በዚህ ካርታ የክሊቭላንዱ ዴኒስ ኩሲኒች እና የቶሊዶዋ ካፕተር አንድ ክልል ውስጥ ወደቁ። ኩሲኒች ሁለት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩ የታወቁ ሰው ናቸው። በማርች 2012 የፓርቲው ቅድመ ምርጫ ካፕተር አሸነፏቸው። ሪፐብሊካኖች አንድም ድምፅ ሳያወጡ አንድ ዴሞክራት ቀነሱ።

ውጤቱ በመላው ግዛት ታየ። በ2012 በኦሃዮ ሪፐብሊካን እጩዎች ከግማሽ እምብዛም ያልዘለለ ድምፅ አግኝተው ከ16 መቀመጫ 12ቱን ወሰዱ። ከዚያ በኋላ በ2014፣ በ2016፣ በ2018 እና በ2020 ድምፁ ወዲያና ወዲህ ቢልም መቀመጫው 12 ለ4 እንደሆነ ቀረ። አምስት ምርጫ፣ አንድ ውጤት። ድምፅ ሲለዋወጥ መቀመጫ ካልተለዋወጠ፣ ምርጫው ያለቀው ካርታው የተሳለ ቀን ነው ማለት ነው።

ውኃው መስመር አያውቅም

ቀድሜ ያዙልኝ ያልኩትን አሁን አምጡት። በኦገስት 2014 የቶሊዶ ከተማ ነዋሪዎቿን ውኃ አትጠጡ አለች። አፍልታችሁም አትጠጡ፣ ማፍላት ያባብሰዋል አለች። በሐይቁ ላይ በተንሰራፋ አረንጓዴ አልጌ ምክንያት ማይክሮሲስቲን የሚባል መርዝ ወደ ከተማው ውኃ ገብቶ ነበር። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ለሦስት ቀን ያህል የቧንቧ ውኃ ሳይጠጣ ቆየ።

አልጌውን የሚመግበው ፎስፈረስ ነው። በአብዛኛው የሚመጣው ከእርሻ ማዳበሪያና ከከብት እበት ነው። ዝናብ ሲጥል በእነዚያ ጥንት ረግረጉን ባደረቁት ቦዮችና ቱቦዎች ወደ ሞሚ ይወርዳል፣ ሞሚ ሳሳ ወዳለው የሐይቁ ጥግ ያፈሰዋል። ውኃው ሳሳ ስላለ ቶሎ ይሞቃል፣ አልጌው ይፈላል።

አሁን ካርታውን አስቡት። በ2014 ውኃውን የሚጠጣው ሰው የሚኖረው በእባቡ ክልል፣ ሐይቁ ዳር ነው። ማዳበሪያው የሚመጣበት ገበሬ በብዛት የሚኖረው በሌሎች ክልሎች ነው፤ በ4ኛውና በ5ኛው። የታችኛው ሰው ተወካይ ለላይኛው ገበሬ አትጠየቅም። የላይኛው ገበሬ ተወካይም ለቶሊዶ እናት አይጠየቅም። አንድ ወንዝ የሚጋሩ ሰዎች አንድ ተወካይ አልነበራቸውም። በ180 ኪሎ ሜትር ርቀት ያሉት ቶሊዶና ክሊቭላንድ ግን አንድ ተወካይ ነበራቸው።

የቶሊዶ መራጮች በ2019 ሐይቁ ራሱ መብት አለው የሚል የከተማ ሕግ በድምፃቸው አጸደቁ። በማግሥቱ ዓመት የፌዴራል ዳኛ ሻሩት። ሰዎቹ የሄዱበት መንገድ በሕግ የሚጸና ባይሆንም፣ እዚያ ያደረሳቸው ሰሚ ማጣት ይገባኛል።

ሕዝብ ድምፅ ሰጠ፣ ፍርድ ቤት ወሰነ፣ ካርታው ቀጠለ

በሜይ 2018 የኦሃዮ ሕዝብ ወደ 75 በመቶ በሚሆን ድምፅ የግዛቱን ሕገ መንግሥት አሻሻለ። አዲሱ ደንብ እንዲህ ይላል፦ አሥር ዓመት የሚጸና ካርታ የሁለቱንም ፓርቲ ድጋፍ ይፈልጋል። አብላጫው ብቻውን ካሳለፈው የሚያገለግለው ለአራት ዓመት ብቻ ነው፣ ለአንድ ፓርቲ ያለ አግባብ ማድላትም ክልክል ነው።

በሜይ 2019 ደግሞ ሦስት የፌዴራል ዳኞች የ2011ዱ ካርታ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ፈረዱ። ሁለት ወር ሳይሞላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌሎች ግዛቶች ጉዳይ፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ በፓርቲ ወገንተኝነት የተሳለ ካርታ በፌዴራል ፍርድ ቤት የሚዳኝ አይደለም አለ። የኦሃዮውም ፍርድ አብሮ ወደቀ።

በ2021 እና በ2022 በአዲሱ ደንብ ሁለት ካርታዎች ተራ በተራ ተሳሉ፣ ያለ ዴሞክራት ድጋፍ። የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁለቱንም በ4 ለ3 ጣላቸው። ከጣሉት አንዷ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት፣ ሪፐብሊካኗ ሞሪን ኦኮነር ነበሩ። ሁለተኛው ውሳኔ ሲወጣ ግን የ2022 ምርጫ ሂደት ተጀምሯል። ኦኮነር ጡረታ ወጡ፣ የፍርድ ቤቱ ሚዛን ተቀየረ። ሁለተኛው የተጣለ ካርታ በ2022ም በ2024ም አገለገለ።

በዚህ ካርታ እባቡ ተቆረጠ። ክሊቭላንድና ሎሬይን ወጡ። በምትካቸው በምዕራብ ያሉት የገጠር ካውንቲዎች ገቡ፦ ፉልተን፣ ዊሊያምስ፣ ዲፋያንስ። በምሥራቅ የሳንደስኪ ከተማ፣ የኦታዋ ካውንቲና የሐይቁ ደሴቶች ቀሩ። በቅርጹ ከፊተኛው በእጅጉ የተሻለ ነው። የሞሚ ገበሬና የቶሊዶ ከተሜ ቢያንስ በከፊል አንድ ላይ መጡ። ዓላማው ግን ይህ አልነበረም። ዴሞክራት ክልል ወደ ሪፐብሊካን እንዲያዘነብል ነው የተሳለው። ከዚህ ጉዳይ የምረዳው አንድ ነገር አለ፦ ያማረ ቅርጽ ፍትሕን አያረጋግጥም፣ ጠማማ ቅርጽም ብቻውን ደባን አያረጋግጥም። መጠየቅ ያለበት ማን ሳለው፣ ለምን ሳለው ነው።

ካፕተር በ2022 በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። በ2024 ግን ከላይ እንዳየነው ለጥቂት ነው ያመለጡት። የኦሃዮ ሁኔታ ራሱ ተቀይሯል። ኦታዋና ዉድ የሚባሉት የአካባቢው ካውንቲዎች ከ1980 እስከ 2016 በእያንዳንዱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ከአሸናፊው ጋር ነበሩ። በ2020 ግን ትራምፕን መርጠው አገሩ ባይደንን መረጠ። ቶሊዶም ራሷ ሰው አጥታለች። በ1970 ከ380 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት፣ በ2020 271 ሺህ ገደማ ነው።

በኖቬምበር 2024 ካርታ መሳልን ከፖለቲከኞች ነጥቆ ለዜጎች ኮሚሽን የሚሰጥ ሐሳብ ለሕዝብ ቀርቦ ነበር። አራማጇ እኚያው ጡረተኛዋ ዳኛ ኦኮነር ናቸው። ወደቀ። በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው መግለጫ ኮሚሽኑ ራሱ ጄሪማንደር እንዲያደርግ ይገደዳል የሚል ነበር። ያን ቃል የጻፈው በሪፐብሊካኖች አብላጫ የሚመራ የግዛቱ ቦርድ ነው። አንብቦ ግራ የተጋባው መራጭ ጥቂት አይመስለኝም።

የአራት ዓመቱ ካርታ ጊዜው ስላለቀ በኦክቶበር 31 ቀን 2025 ፖለቲከኞች ያሉበት የኦሃዮ የካርታ ኮሚሽን ሌላ ካርታ አጸደቀ። ሰባቱም አባላት፣ ሁለቱ ዴሞክራቶች ጭምር፣ ደገፉት። ዴሞክራቶቹ የደገፉት ወደው አይደለም። እምቢ ቢሉ ጉዳዩ ወደ ምክር ቤቱ ሄዶ፣ አብላጫው ብቻውን የባሰ ካርታ ያመጣል ብለው ነው። በአዲሱ ካርታ 9ኛው ክልል ከቀድሞው ይበልጥ ወደ ሪፐብሊካን አዘንብሏል። የአክረን ከተማ ያለችበት 13ኛው ክልል ግን ለዴሞክራቶች ትንሽ ተሻለ። እንዲህ ያለ ልውውጥ ነው ስምምነቱ።

ይህን የጻፍኩት የቶሊዶ ወዳጅ ለሆነ ሰው ብቻ አይደለም። በኦሃዮ ያሉ ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩት በኮሎምበስና በዙሪያዋ ነው። የእነሱንም ክልል የሚስለው ይኸው ኮሚሽን ነው። የኮሚሽኑ አባላት ሦስቱ ገዥው፣ ዋና ኦዲተሩና የግዛቱ ሴክሬታሪ ናቸው፤ ሦስቱም በግዛቱ ሕዝብ ቀጥተኛ ድምፅ የሚመረጡ ናቸው። አራቱን የሚሰይሙት የምክር ቤቱ መሪዎች ናቸው። ዜግነት አግኝቶ ለፕሬዚዳንት ብቻ ድምፁን ሰጥቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ብዙ አለ። ከወረቀቱ ዝቅ ብለው ያሉት እነዚያ ሦስት ስሞች እስክሪብቶ ያዦቹ ናቸው። አዲሱ ካርታ ከ2026 ምርጫ ጀምሮ ይሠራል፤ የሚቀጥለው የሕዝብ ቆጠራ በ2030 ነው።